ቁልቁል ያልፈተንኩት ትራንስፈር

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የተበላሸ ዕቃ ይዘው ወደ ጠጋኝ ሄደው ያውቃሉ? ሬዲዮ ይሁን፣ የውሃ ፓምፕ ይሁን፣ መኪና ይሁን። ባለሙያው ፈታ፣ ገጠመ፣ እርስዎ ፊት አስነስቶ አሳየዎት። ሠራ። አመስግነው ወሰዱት። ቤትዎ ሲደርሱ ግን ያው የድሮው በሽታ ተመልሶ መጣ። በማግስቱ ሄደው ሲነግሩት «እዚህ እኮ ሠርቶ ነበር» አለዎት። እሱም አልዋሸም፣ እርስዎም አልዋሹም።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቆምኩት በዚያኛው ወገን፣ በጠጋኙ ወገን ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ደግሞ ጋራዥ መዋል ትቼ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ መምህር ሆኛለሁ። ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ የሥራ ዘመን ትዝታ ለመጻፍ እንደቸኮልኩ ይገባኛል። ነገር ግን ሰው ሙያ ሲቀይር የቀድሞው እየራቀው ይሄዳል። ሳይደበዝዝብኝ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ በተለይ ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ስህተቴ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንገድ ግንባታ ፕሮጀክት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ካምፑ ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ፣ ጭጋግ እስከ ረፋድ በማይለቀው ደጋ ላይ ነበር። የቀወት ቆላ ልጅ ነኝና የመጀመሪያ ደመወዜ የሄደው ለካፖርት ነው። አለቃችን ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር፤ ለአንዲት ቡሎን ሳይቀር በሦስት ኮፒ ቅጽ ያስሞላናል። ከእሱ ንጽሕናና መዝገብ አያያዝ ተምሬአለሁ። ጥገና ግን አልተማርኩም። እዚያ የሚጠገን ነገር አልነበረም፤ የተበላሸው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። «ምን ነክቶት ነው የተሰበረው?» ብዬ ስጠይቅ አለቃዬ «እሱን አሮጌውን ጠይቀው፣ እኛ አዲሱን እንግጠም» ይለኝ ነበር። በአራተኛው ዓመት ፕሮጀክቱ አለቀ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ተቀብዬ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጋራዥ አለ። ጋራዥ ስል ሰፊ አዳራሽ እንዳይመስልዎ። የቆርቆሮ ጥላ፣ ዘይት የጠገበ የሲሚንቶ ወለልና አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነው። ባለቤቱ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ። ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ከይፋት ተራሮች ግርጌ ከሚኖሩ የአርጎባ ቤተሰቦች ነው የተወለዱት፤ አባትና አያታቸው ሸማኔዎች ነበሩ። እሳቸው ግን ብረት ወደዱ።

የልምድ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩና መልሰው ሰጡኝ።

«ጥሩ ወረቀት ነው» አሉ። «አሁን እጅህን አሳየኝ።»

እጄን ዘረጋሁ።

«ንጹሕ ነው» አሉ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አላወቅኩም። ብቻ በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ደመወዙ ከፕሮጀክቱ ያንስ ነበር፤ ምሳ ግን ነበረው።

አንድ ወር ሳይሞላ «ቲቸር» የሚል ስም ወጣልኝ። ባለመኪና በመጣ ቁጥር መኪናው ለምን እንደተበላሸ አስረዳዋለሁ፤ አንዳንዴ መኪናው ገና ሳይከፈት። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ አያስረዱም፤ ይጠይቃሉ። መኪና ሲገባ ቁልፍ አያነሡም። ባለመኪናውን ከኒሙ ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ያስቀምጡትና እሳቸውም ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ጥያቄዎቻቸው ሁልጊዜ ያው ናቸው። ስትወጣ ነው ስትወርድ? ጭነህ ነው ባዶህን? ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ከሞቀ በኋላ? ከዚያ የሚያሳፍረው ይመጣል። «እስቲ ድምፁን አውጣልኝ» ይላሉ። ባለመኪናው የመኪናውን ድምፅ በአፉ ማሰማት አለበት።

አንድ ቀን የተከበሩ የማሾ ነጋዴ መጡ። ሐጂ ናቸው፤ መኪናቸውን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ነው የሚነዱት። ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ጎማው ላይ ተቀመጡ። ከጎን ካለው ሻይ ቤት ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ሐጂ፣ ድምፁን ያውጡልኝ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«እንድሪስ፣ አታሹፍ። ይጮኻል አልኩህ እኮ።»

«ጅብም ይጮኻል፣ ሕፃንም ይጮኻል። የቱ ነው?»

ሐጂ ግራ ቀኝ አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዝዝዝዝ... ዝዝዝዝ... ቀጭ!»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ እንድሪስ ግን ፈገግም አላሉ።

«ቀጩ የሚመጣው ነዳጅ ሲረግጡ ነው እግርዎን ሲያነሱ?»

«ስረግጥ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ነገር ነው። ከሥር የሚሽከረከረው ዘንግ መጋጠሚያው ላልቷል። ከምሳ በፊት ይወስዷታል።»

ከምሳ በፊት ወሰዷት። እኔ ብሆን ኖሮ ሞተሩን አስወርጄ እስከ ማታ አስረዳቸው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሚፈታ ዕቃ ሁሉ በታጠበ የዱቄት ጆንያ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በወጣበት ተራ ይደረደራል። ጆንያውን የረገጠ ሰው የዚያን ቀን ሻይ ይጋብዛል። ከማርሽ ሳጥን የወጣ ዘይት ደግሞ አይደፋም። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተነቀለች ማግኔት አለቻቸው። ዘይቱ ውስጥ አዙረው ያወጧትና የተጣበቀባትን በሁለት ጣታቸው መሃል ያሹታል። እንደ አመድ የላመ ከሆነ «የዕድሜ ነው» ይላሉ። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከሆነ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ መላጥ ጀምሯል። ስባሪ ከተገኘ የማርሽ ጥርስ ነው። አንድ ጊዜ ማግኔቷን አይተው ብቻ «ይህ ሰው የማይመጣጠን ጎማ ነው የሚያደርገው» ሲሉ ሰምቼ ሳቅኩ። ወጥቼ ጎማዎቹን ሳይ ከኋላ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ሊጥ የመሰለ ልሙጥ ነበር። መሳቄን አቆምኩ።

ወደ ስህተቴ ከመግባቴ በፊት ትራንስፈር ምን እንደሆነ ላስረዳ። ልማዴ ነው፣ ይታገሡኝ። በአራቱም እግሩ የሚጎትት መኪና ከካምቢዮው፣ ከዋናው የማርሽ ሳጥን፣ ኋላ ሌላ ሳጥን አለው። የሞተሩ ኃይል ወደዚያ ሳጥን ይገባና ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ኋላ እግር፣ አንዱ ወደ ፊት እግር ይሄዳል። ሾፌሩ አጠገብ ከትልቁ ማርሽ ሌላ አንዲት አጭር ዘንግ አለች። እሷን ሲስባት የፊት እግሮቹም መጎተት ይጀምራሉ። ጨርሶ ሲስባት መኪናው ወደ ከባዱ ማርሽ ይገባል፤ ይዘገያል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል። ከባዱ ማርሽ ለዳገት ብቻ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይነካ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል። የሳጥኑ ውስጥ ሲያረጅ ግን ያቺ አጭር ዘንግ በራሷ ከቦታዋ ትዘላለች። የዘለለች ዕለት መኪናው ከሞተሩ ይቆረጣል፤ ሾፌሮች ሞርቶ እንደሚሉት ነጻ ይሆናል። ነጻ የሆነ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚያቆመው ፍሬን ብቻ ነው።

ከሸዋ ሮቢት በስተምዕራብ ተራራው ወገብ ላይ አንዲት መንደር አለች። መንገዷ ድንጋይና መታጠፊያ ነው፤ ባጃጅ ከግማሽ በላይ አይደፍረውም። ወደዚያ የምትወጣ አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ የቶፊቅ አሮጌ ፒካፕ። በገበያ ቀን ጤፍና ዶሮ ታወርዳለች፣ ጨውና ዘይት ታወጣለች። ምጥ የያዛት ሴትም ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በእሷ ነው። ፒካፗ የቆመች ቀን መንደሩ በእግሩ ነው የሚወርደው። ቶፊቅ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ነገር የማያልቅበት ቀልደኛ ልጅ ነው።

እሱ ወደ እኛ የመጣ ጊዜ ጋሽ እንድሪስ አልነበሩም። ዘመድ ሞቶባቸው ለለቅሶ ማጀቴ ሄደዋል። ሲነሡ «ከባድ ነገር ከመጣ ጠብቀኝ» ብለውኛል። አምስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁና ትራንስፈር ከባድ ነገር አልመሰለኝም።

«ቲቸር፣ ይቺ አጭሯ ዘንግ ትዘልብኛለች» አለኝ ቶፊቅ ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «በተለይ ከላይ ስመጣ...»

«ገባኝ። ውስጥ ያለው ሹካ ተበልቷል። ማርሹን ወደ ቦታው የሚገፋው እሱ ነው። ሲበላ ጨርሶ አያስገባውም፤ ጨርሶ ያልገባ ማርሽ ደግሞ...»

«እሺ፣ ግን መታጠፊያው ጋ...»

«...ይዘላል። አየህ? በሁለት ቀን ትወስዳታለህ።»

ቶፊቅ ሳቀ። «ወላሂ አንተስ ሐኪም ነህ። በሽተኛው አፉን ሳይከፍት መድኃኒት ታዛለህ።»

እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ትራንስፈሩን አወረድኩት። ሹካው በእርግጥም ተበልቶ ጫፉ እንደ ምላጭ ቀጥኗል። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ የገመትኩትን ስላገኘሁ መፈለግ አቆምኩ። በሳጥኑ ውስጥ የሚዞረውን ዋናውን ዘንግ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩት። ጥብቅ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አልገፋሁትም። ዘይቱን ደፋሁት፤ ማግኔቷ መደርደሪያው ላይ ነበረች። አዲስ ሹካ፣ አዲስ የዘይት ማገጃ ጎማ፣ አዲስ ዘይት አድርጌ ዘጋሁ።

ቀጥሎ የምናገረው እኛ የዳገት ግርጌ ሰዎች ብቻ የምንሠራው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ መኪና የሚፈተነው ሽቅብ ነው። ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ይወጣል፤ ዳገቱን ከጎተተ «ደህና ነው» ይባላል። ሲመለስስ? ሲመለስ ሾፌሩም መካኒኩም ነዳጅ ለመቆጠብ ሞርቶ ያስገባና ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ለእኛ ዳገቱ ፈተና ነው፣ ቁልቁለቱ ዕረፍት። ጋሽ እንድሪስ ብቻ ናቸው በማርሽ፣ ቀስ ብለው የሚመለሱት። እኛ የዕድሜ ነገር ይመስለን ነበር፤ ሻይ ቤቱም «ጋሼ ነዳጅ በዝቶባቸዋል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ቶፊቅን አጠገቤ አስቀምጬ በከባዱ ማርሽ ወጣሁ። ዘንጓ ንቅንቅ አላለችም። ከላይ አዞርኩ፣ ሞርቶ አስገባሁ፣ ስለ ሹካ እያስረዳሁት ወረድኩ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከጤና ጣቢያ ተደወለልኝ።

ቶፊቅ ከመንደሩ ስድስት ሰው ከነእህላቸው ጭኖ ሲወርድ፣ ከአንድ ጠባብ መታጠፊያ በላይ ዘንጓ ዘላለች። መኪናዋ ነጻ ሆነች። ፍሬኑን ረገጠ። ጭነቱ ከባድ፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነበርና ፍሬኑ ግሎ ሰነፈ። በቀኝ በኩል ገደል ነው፣ በግራ ተራራ። ቶፊቅ መሪውን ወደ ተራራው ሰጠና ከአፈሩ ግድግዳ ጋር እያፋተገ አቆማት። ሰው አልሞተም። የቶፊቅ ግራ ክንድ ተሰበረ፤ እትዬ ከድጃ የሚባሉ የመንደሩ አሮጊት ግንባራቸው ተፈነከተ፤ ሌሎቹ ተጫሩ።

ስደርስ ቶፊቅ ክንዱ ታስሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እንዳየሁት አለቀስኩ።

«ቲቸር፣ አታልቅስ» አለኝ። «መንገዱን አልፈራም፤ ከልጅነቴ ነው የማውቀው። መኪናዋን ነው የፈራሁት። ክንዴ ቢድንም አልነዳትም።»

ከኋላው ከቆሙት የመንደሩ ሰዎች አንዱም «ኧረ ተው» አላለውም። እነሱም ከእንግዲህ አይሳፈሩባትም። መንደሩ መኪናውን አጣ። ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ እንድሪስ በማግስቱ ተመለሱ። ቁልፎቼን ጠርጌ በሳጥናቸው ከትቼ ጠበቅኳቸው፤ እንደሚያሰናብቱኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የሆነውን ሁሉ በተራ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ቶፊቅ ሲመጣ ምን አለህ?»

«ዘንጓ ትዘላለች አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... እኔ አስረዳሁት።»

«ተነሥ» አሉኝ።

ቶፊቅ የተኛው ከተማው ውስጥ አጎቱ ቤት ነበር። ጋሽ እንድሪስ «አላህ ያሽርህ ልጄ» ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ልክ ከኒሙ ሥር እንዳሉ ጀመሩ።

«ስትወጣ ነው ስትወርድ?»

«ስወርድ ነው ጋሼ። ስወጣ አንድም ቀን ዘላ አታውቅም።»

«ጭነህ ነው ባዶህን?»

«ጭኜ።»

«እግርህ ነዳጁ ላይ ነው?»

«አንሥቼ ነው። ልክ እግሬን ሳነሣ ውስጧ የሆነ ነገር ሸርተት ይልና... እምምም... ቀዋ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለዚህ ልጅ ልነግረው ነበር እኮ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጋራዡ ስንመለስ ጋሽ እንድሪስ መንገድ ላይ «አህያ ጭነህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«የቀወት ልጅ አይደለሁ እንዴ ጋሼ?»

«ሽቅብ ስትነዳት ጭነቱ ወዴት ይሸሻል?»

«ወደ ኋላ።»

«ምን ይይዘዋል?»

«በደረቷ የሚያልፈው ጠፍር።»

«ቁልቁልስ?»

«ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የሚይዘው ከጅራቷ ሥር ያለው ነው።»

«አንተ የደረቱን አጥብቀህ የጅራቱን ሳታይ ነው የላክሃት» አሉኝ።

ይህንን ዛሬ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ነው የማስተምረው። የማርሽ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው አይደለም የተቆረጡት፤ ሰያፍ ናቸው። ሰያፍ ጥርስ ሲጎትት ማርሹን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ መኪናውን ሲያግድ ደግሞ ወደ ተቃራኒው። በዚያ ሳጥን ውስጥ ዳገት ላይ ያለው ግፊት ማርሹን ወደ ቦታው ያስገባዋል፤ ቁልቁለት ላይ ያለው ከቦታው ያወጣዋል። የሚያግደው ነገር ካረጀ ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሽቅብ ብቻ የፈተነ ሰው አልፈተነም።

ፒካፗን ከተራራው አስጎትተን ጋራዡ ካስገባን በኋላ ትራንስፈሩን እንደገና አወረድነው። ጋሽ እንድሪስ ዋናውን ዘንግ በጣቶቻቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት፤ ጥብቅ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉት። ቀጭ፣ ቀጭ። የጥፍር ውፍረት ያህል ይሄዳል። ኩሽኔታውን ከኋላ የሚያግደው ቀለበት የተቀመጠበት ጎድጎድ ተበልቶ ሰፍቷል። የሚቆላለፉት ጥርሶችም ጠርዛቸው ሟሽሾ የማሽላ ፍሬ መስለዋል። ሹካው የተበላው በሽታው እሱ ስለሆነ አልነበረም፤ ሊወጣ የሚታገለውን ማርሽ ለዓመታት ብቻውን ይዞ ስለኖረ ነው። እኔ በሽተኛውን ትቼ አስታማሚውን ነበር የቀየርኩት።

ጥርሶቹን ከአንድ ከተፈታ ተመሳሳይ መኪና አገኘን። ጎድጎዱ ግን የሳጥኑ አካል ነው፤ በአዲስ አይቀየርም። ሳጥኑን በጆንያ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን፣ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት፣ ይዤው ወጣሁ። ባለሙያው የተበላውን ጎድጎድ እኩል አድርጎ አሰፋውና፣ ጋሽ እንድሪስ እንዳዘዙኝ፣ ውፍረታቸው የሚለያይ አራት ቀለበቶች ሠራልኝ።

የመጀመሪያውን ቀለበት ገጠምኩ። ጋሽ እንድሪስ ዘንጉን ገፋ አድርገው «አውጣው» አሉ፤ ገና ይሄዳል። ወፍራሙን ገጠምኩ። ምንም አይነቃነቅም፤ ደስ አለኝ። «አውጣው። ብረት ሲሞቅ እንደሚያብጥ ማን ይንገርህ?» አሉ። ሦስተኛውን ስገጥም ገፉት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ በእጃቸው አዞሩት። በመሃሉ አንዲት ወረቀት የምታልፍ ያህል ብቻ ቀርቷል።

«እሱ ነው» አሉ። ቀጥለው «አውጣው» አሉ።

«እንዴ ጋሼ?»

«አውጣውና እኔ ሳላይህ ደግመህ ግጠመው። እኔ የሌለሁ ቀንም መኪና ይመጣል።»

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ብቻዬን ፈታሁት፣ ብቻዬን ገጠምኩት። ያንን ያህል እምነት ለምን እንደሰጡኝ ዛሬም ይገርመኛል፤ እኔ ብሆን በዚያ ሳምንት ለእኔ ቁልፍ አልሰጥም ነበር።

ፍሬኖቹን አደስን፣ የተጎዳውን ጎን አቃናን። የሚፈተንበት ቀን ጠዋት ስድስት ሰው ከነእህላቸው የሚመዝነውን ያህል አሸዋ በጆንያ ጫንን። ቶፊቅ ክንዱ በጀሶ ታስሮ በሩ ጋ ቆሞ ያየናል።

«አንተም ትመጣለህ» አሉት ጋሽ እንድሪስ።

«ጋሼ፣ አንድ ክንድ ነው የቀረኝ፤ እሱን ልቆጥብ።»

«ማን ንዳ አለህ? የምትዘልበትን ቦታ የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ማን ሊነዳት ነው?»

«የገጠማት።»

ቶፊቅ አየኝ። «እሱማ እያስረዳ ገደል ይከተናል።»

«ዛሬ አያስረዳም» አሉና ጋሽ እንድሪስ ገብተው መሃል ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከአጭሯ ዘንግ ጎን ሆነ። ቶፊቅም «አንቱ ገብተው እኔ ልቀር?» አለና በደህናው እጁ በሩን ከፈተ።

ላይ ስንደርስ የመንደሩ ሰው ከመንገዱ ርቆ ቆሞ ጠበቀን። ግንባራቸው በጨርቅ የታሰረ አሮጊት ብቻ ቀረብ አሉ። እትዬ ከድጃ ናቸው።

«መካኒኩ የቱ ነው?»

ወረድኩ። «እኔ ነኝ እትዬ።»

«ባለፈውም አንተ ነህ?»

«አዎ እትዬ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እንግዲያው ውረድ። ደርሰህ ተመልሰህ ከወጣህ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ከባዱን ማርሽ አስገባሁና እግሬን ከሁሉም ፔዳል አነሣሁ። ሞተሩ አጉረመረመ። ፒካፗ አሸዋውን ተሸክማ በሰው እርምጃ ፍጥነት መውረድ ጀመረች። ከመታጠፊያው በላይ ስንደርስ ቶፊቅ በቀጠነ ድምፅ «እዚህ ጋ ነው» አለ። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«እግርህን ተው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ተውኩት። ዘንጓን አየኋት። ጋሽ እንድሪስም ያዩዋታል።

«ኧረ አንዳችሁ መንገዱን እዩ!» ብሎ ጮኸ ቶፊቅ።

መሪውን አዞርኩ። መታጠፊያውን አለፍን። አልዘለለችም። እስከ ታችኛው ሜዳ ድረስ አንድም ጊዜ ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ። ልንተነፍስ ስንል ጋሽ እንድሪስ «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «ሠልሰው» አሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ ላይ ስንደርስ እትዬ ከድጃ ሁለት ዶሮ በእጃቸው አንጠልጥለው መንገዱ ዳር ቆመዋል።

«ይኼ አሸዋ ለምንድን ነው?»

«ለክብደት ነው እትዬ፣ ለመፈተኛ።»

«እኔ አልከብድም?» አሉ። «አውርደው።»

አሸዋውን አወረድን። እትዬ ከድጃ ከነዶሮዎቻቸው ከኋላ ወጡ። ከርቀት ቆመው ያዩ ከነበሩት ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው፣ ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሌሎች። ወረድን። መታጠፊያውን ስናልፍ ከዶሮዎቹ አንዷ ብቻ ጮኸች። ታች ስንደርስ ቶፊቅ ወደ እኔ ጎን ዞሮ መጣና በመስኮቱ እጁን ዘረጋ።

«ቁልፏን» አለ።

ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው። «ክንዴ ሲፈታ የምነዳት እኔ ነኝ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት። አንተም ጭምር።»

ነዳት። ዛሬም ይነዳታል።

ሁለት ዓመት ተጨማሪ ከጋሽ እንድሪስ ጋር ሠራሁ። ኮሌጁ መምህር እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲወጣ ወረቀቱን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። «አሁን ሰው ጨርሶ እስኪናገር ትጠብቃለህ» አሉኝ። «እንግዲህ ማስረዳት ትችላለህ።» ከሰማኋቸው የምስጋና ቃላት ሁሉ የምኮራበት ይኼ ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። መኪና የሚነዱ ከሆነ፣ ከጥገና ያወጧት ዕለት ባለሙያውን አጠገብዎ ያስቀምጡት። በሥራ ቀን የምትጭነውን ያህል ይጫኑባት። ወደሚፈሩት ቁልቁለት ይውሰዷት፤ ፍሬንዋ ጤነኛ መሆኑን አስቀድመው አይተው፣ ሰው ሳይሳፈር። ሞርቶ አያስገቡ። በማርሽ፣ እግርዎን ከነዳጁ አንሥተው፣ ሬዲዮውን አጥፍተው ይውረዱ። መካኒክ ከሆኑ ደግሞ ባለመኪናው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ ድረስ እጅዎ ቁልፍ አይንካ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት፤ ግማሽ መንገድ ላይ «ደህና ናት» ብለው አይመለሱ፣ እስከ ታች ይውረዱ።